ድልድዩ ላይ የምትጣራው ሴት

ጥርስ ሠሪዋ ግጥም የምትጽፈው ጄሶው እስኪደርቅ ነበር። የምትሠራው ከጥርስ ክሊኒኩ ጀርባ፣ መስኮቷ የጎረቤት ግድግዳ በምታይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የሰው አፍ ልክ ይመጣላታል፤ ጄሶ ትሞላበታለች፤ ጄሶው ሲጠነክር ድዱን በሰም ትቀርጽና ጥርሶቹን አንድ በአንድ ትተክላለች። መደርደሪያዋ ላይ የማታውቃቸው ሰዎች መንጋጋ አፉን ከፍቶ ተደርድሯል። የሥራ ባልደረቦቿ፣ «ከሰምና ከወርቁ አንቺ የደረሰሽ ሰሙ ብቻ ነው፤ ወርቁን ሐኪሙ ወሰደው» እያሉ ይቀልዱባታል። አብራ ትስቃለች። ግጥም መጻፏን የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ቀልዱ በሁለት በኩል የተሳለ መሆኑ የሚገባት እሷን ብቻ ነበር።

ከግጥሞቿ አንዱ ስለ አባቷ አገር ነው። አባቷን አታውቀውም። እናቷ እሷን በወለደች በዓመቱ ሞተች፤ አባቷም ብዙ ሳይቆይ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ መንገድ ላይ ቀረ። ያሳደገቻት የእናቷ ታላቅ እህት ናት። ልጅ ሳለች እንቅልፍ እምቢ ሲላት፣ አክስቷ አጠገቧ ጋደም ትልና ስለ አባቷ አገር ትነግራት ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ የድንጋይ ድልድይ አለ። ድልድዩ ላይ አንዲት ሴት ቆማ የሰው ስም ትጣራለች። ከማዶ ደግሞ በሩ ሰማያዊ የተቀባ ቤት አለ። ወሬው ከዚህ አያልፍም። ልጅቷ «ከዚያስ?» ስትል፣ አክስቷ «ከዚያማ ተኚ» ትላታለች።

ካደገች በኋላም ያን ከተማ ሄዳ አላየችውም። ሥራው አላፈናፍን አላት፤ ደግሞስ ማን ዘንድ ልትሄድ? የአባትሽ ዘመድ ነኝ ብሎ በራቸውን ያንኳኳ ሰው የለም። «አገርሽ የት ነው?» ሲሏት ግን የተወለደችበትን ትታ የአባቷን ከተማ ስም ትጠራለች። እዚያ የምታውቀው አንድ ሰው እንኳ ባይኖር፣ መልሱ አፏ ላይ ይጣፍጣታል።

ግጥሟን መጀመሪያ ያየችው የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ናት። ወረቀቱን ከሰሙ ሥር አግኝታ አነበበችውና፣ «አንቺ! ይህን ደብቀሽ ነው ጄሶ የምታቦኪው?» ብላ ጮኸችባት። አላስወጣ አላስገባ ብላም ወደ አንድ የግጥም ምሽት ወሰደቻት። ጥርስ ሠሪዋ መድረኩ ላይ ወጥታ የአባቷን ከተማ ስም ከጠራች በኋላ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል አነበበች፦

ከድልድዩ ማዶ፣ የምትጣሪ ሴት፣
ስሜን ታውቂው ይሆን፣ ብመጣ ድንገት?
በሩን ሰማያዊ፣ የቀባሽው ለኔ፣
መጣሁ በይ ክፈቺ፣ ያባቴ ልጅ እኔ።

አዳራሹ ጥግ ላይ ጎርናና የሚሉት ዘፋኝ ተቀምጦ ነበር። ድምፁ ዝገት የበላው በር ይመስላል፤ ሰው የሚወደውም ለዚሁ ነው። ሲያልቅ ተጠግቶ፣ «ይህቺን ነገር ለእኔ ስጪኝ፤ አንዲት ቃል አልነካባትም» አላት። ቃሉንም ጠበቀ። ዜማውን ሠራላት፣ ዘፈነው፣ ዘፈኑም እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ። ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ሠርግ ላይ እሱ ሆነ። ከሁሉ ይልቅ ግን የራሳቸው ያደረጉት፣ ጎርናና ዘፈኑን ሲጀምር ስሙን የሚጠራው የዚያ ከተማ ሰዎች ናቸው። የኳስ ቡድናቸው ደጋፊዎች ሲሸነፉም ሲያሸንፉም ይዘፍኑታል። ወደ ከተማው የሚሄደው አውቶቡስ ጎኑ ላይ ድልድይ አሣለ። በየአገሩ የተበተኑ የከተማው ልጆች ዘፈኑን በሰሙ ቁጥር ዓይናቸው እንባ እንደሚያቀርር ለጎርናና በስልክ ይነግሩት ነበር።

ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ አንድ ዳይሬክተር ክሊኒኩ ድረስ መጣ። ኮፍያው ከራሱ የማይወርድ፣ ቃሉ ከሐሳቡ የሚቀድም ሰው ነው። ስለ ዘፈኑ ዘጋቢ ፊልም መሥራት ፈልጓል።

«አንቺን ይዤ እሄዳለሁ፤ ድልድዩ ላይ ትቆሚያለሽ፤ ግጥሙን ታነቢያለሽ» አላት። «የአባትሽን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዪ ካሜራው ፊትሽን ያያል። በቃ፣ ፊልም ማለት ይኼ ነው።»

«ባለቅስስ?»

«ብታለቅሺማ እሰየው!»

ለአክስቷ ስትነግራት፣ አክስቷ እያጠፈች የነበረውን አንሶላ እንደገና ዘርግታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

«ድንጋይ ለማየት ነው ይህ ሁሉ መንገድ?»

«የአባቴ አገር ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ነው እንግዲህ፤ ሂጂ። ያሰብሽውን ካላገኘሽ ግን እኔ ላይ አትምጪብኝ።»

ጥርስ ሠሪዋ ነገሩን የእርጅና ብስጭት አደረገችውና ሄደች።

ከተማው የተቀበላት እንደ ሙሽራ ነው። ተማሪዎች ተሰልፈው ዘፈኑን ዘፈኑ። ከንቲባው «ልጃችን ወደ ቤቷ ተመለሰች» ብሎ ንግግር አደረገ። እናቶች አገላብጠው ሳሟት፤ አገጯን ይዘው ፊቷን መረመሩ። አንዷ «ይህ አፍንጫ የእኛ ቤት አፍንጫ ነው» ስትል ሌላዋ «ምን ሲደረግ! የእኛ ነው እንጂ» አለች። እስከ ምሳ ድረስ ሦስት ቤተሰብ በአፍንጫዋ ተከራከረ። እሷ ዝም ብላ አፍንጫዋን ታስዳስሳለች። ዕድሜ ልኳን እንዲህ ተሻምተውባት ስለማያውቁ ልቧ በደስታ አብጦ ነበር።

ከምሳ በኋላ ዳይሬክተሩ ካሜራውን ተሸክሞ፣ «አሁን ወደ ድልድዩ» አለ።

ከንቲባው ጉሮሮውን ጠራርጎ ከከተማው ዳር ወዳለ አንድ ቦታ ወሰዳቸው። ያሳያቸው ከመንገዱ ሥር የተቀበረ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ነው። ፍየል እንኳ ሳታጎነብስ አታልፍበትም።

«ይኼ ነው?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ይኼማ አዲሱ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ዋናውን ጎርፍ ወሰደው።»

«የምን ጎርፍ? መንገድ ሠሪዎቹ ናቸው ያፈረሱት» አሉ ሌላው። «እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ተሻግሬዋለሁ።»

«አንተ ስትሻገር እኔ ቆሜ አይቼሃለሁ፤ ግን የወሰደው ጎርፍ ነው!»

ጥርስ ሠሪዋ ዙሪያውን ተመለከተች። አገሩ ሜዳ ነው። ከተማው ውሃ የሚጠጣው ከጉድጓድ ነው። ወንዝ ቀርቶ የወንዝ መውረጃ የሚመስል ነገር አይታይም። ዳይሬክተሩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ወንዝ የሌለበት ጎርፍ ከየት መጣ?» ሲላት ትከሻዋን ሰበቀች።

ሰማያዊውን በር እስኪ ልፈልግ ብላ ብቻዋን መንገድ ለመንገድ ስትዞር የድሮው ሲኒማ ቤት ጋ ደረሰች። አሁን የማዘጋጃ ቤቱ የተሰባበሩ ወንበሮች መከማቻ ሆኗል። ደጁ ላይ አንድ አዛውንት አፋቸውን በእጃቸው መዳፍ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ከተማው አባባ ትኬት ይላቸዋል፤ ሲኒማ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ በሩ ላይ ቆመው ትኬት የሚቆርጡት እሳቸው ነበሩ።

«የአጫዋቹ ልጅ አንቺ ነሽ?» አሏት ከመዳፋቸው ጀርባ።

«የምን አጫዋች፣ አባባ?»

«የፊልም አጫዋቹ ነዋ። እንደ እሱ ነው የምትራመጂው፤ አንድ ዕቃ የረሳ ሰው ይመስል። ነይ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። የአባቷን ፊት የሚያውቅ ሰው ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነው። አዛውንቱ ቀስ እያሉ ነገሯት። አባቷ እዚህ ከተማ የመጣው ፊልም ሊያጫውት ነው፤ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶ ሄደ። የከተማው ተወላጅ አልነበረም። ከየት እንደሆነ ሲጠይቁት፣ «ብዙ ሰው ቤት ነው ያደግሁት» ብሎ ወሬ ይቀይራል።

«ድልድዩስ?» አለች።

«ድልድዩማ ፊልሙ ላይ ነው የነበረው።»

በዚያ ዘመን ፊልም በቆርቆሮ ሣጥን እየመጣ፣ ታይቶ ይመለስ ነበር። አንዱ ሣጥን ግን መጥቶ ሳይወሰድ ቀረ፤ ሌላም አልመጣ። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ያንኑ አንድ ፊልም አሳዩ። ፊልሙ የሚናገረው ማንም በማያውቀው ቋንቋ ነው። አባቷ መሣሪያውን ያስነሳና መጋረጃው አጠገብ ቆሞ ለሕዝቡ «ያስተረጉማል»።

«ቋንቋውን ያውቅ ነበር?»

አዛውንቱ መዳፋቸው ውስጥ ሳቁ። «እኔና አንቺ የምናውቀውን ያህል ነዋ! ከራሱ እየፈጠረ ነው። መጨረሻው ላይ አንዲት ሴት ድልድይ ላይ ቆማ የሰው ስም ትጣራለች። አባትሽ ታዲያ በየሳምንቱ ከተመልካቹ መሐል የአንዱን ስም ይጠራል። የዳቦ ጋጋሪው፣ የልብስ ሰፊዋ፣ የእኔ። ስሙ የተጠራለት ሰው ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ሰው ደጋግሞ የሚመጣው ፊልሙን ሊያይ መሰለሽ? ተራው እስኪደርሰው ነው እንጂ።»

«ሰማያዊ በር ያለው ቤትስ?»

«ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ልጄ። ሰማያዊ ነው ያለን አባትሽ ነው። ካለ በኋላ ግን ሁላችንም ሰማያዊ ሆኖ ነው የታየን።» መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አስተካክለው ቀጠሉ። «አንድ ቀን ዝናቡ አላባራ አለ፤ አንድም ሰው አልመጣም። ዝጋና እንሂድ ብዬ ብነግረው፣ አሳያለሁ አለ። አዳራሹ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። ሴትዮዋ ድልድዩ ላይ ስትደርስ፣ ያን ቀን የራሱን ስም አስጠራት።»

ጥርስ ሠሪዋ እጇን ምን ላይ እንደምታሳርፈው ጠፋት። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ቀጥሎ ንዴቷ። አንድ የማታውቀው ሰው ከማይታወቅ ፊልም ቆርጦ የሰጣትን አገር ይዛ ስትኮራ ኖራለች፤ ይባስ ብላ አገር ምድሩን አዘፍናበታለች።

«እንግዲያው እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁማ?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ» አሉ አባባ ትኬት። «እኔ በር ላይ ነበርኩ። የመጣውን አስገባለሁ እንጂ ከየት መጣህ አልልም።»

ለዳይሬክተሩ ስትነግረው ኮፍያውን አወለቀ። ሲያወልቅ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ያሰብኩት ፊልም ሞተ» አለ። ኮፍያውን መልሶ ደፍቶ፣ «የተሻለ ፊልም መጣ። ግን አንቺ ካልፈቀድሽ ካሜራዬን ጠቅልዬ እሄዳለሁ። አገርሽን የምታጪው አንቺ ነሽ።»

«የማላውቀውን አገር ምኑን አጣዋለሁ?» አለች፤ አፏ ይህን አለ እንጂ ሌሊቱን ዓይኗ አልተከደነም። ሲነጋ «ይነገር» አለችው።

አባባ ትኬት ግን እምቢ አሉ። ለእሷ ያወሩትን ለካሜራ አላወራም ብለው ድርቅ። ለከተማው ስም ተጨንቀው መስሏት ልታግባባቸው ስትሞክር፣ ቀስ ብለው መዳፋቸውን ከአፋቸው አነሡ። አንድም ጥርስ የላቸውም።

«ይህን ባዶ ድድ ለዓለም ሕዝብ ላሳይ?»

ጥርስ ሠሪዋ ጉዞዋን ከጀመረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ነገር አገኘች። ያን ጊዜውኑ ከከተማው ጤና ጣቢያ የሚያስፈልጋትን ለምና የአፋቸውን ልክ ወሰደች፤ ጄሶ ሞላችበትና እንዳይሰበር በዳቦ መካከል ጠቅልላ ወደ ቤቷ ይዛው ተመለሰች።

አክስቷ በሩን ስትከፍት ፊቷን አይታ ገባት።

«አላገኘሽውም» አለች።

«ታውቂ ነበር?»

«ድልድዩን ያየሁት እንዳንቺው በወሬ ነው። እናትሽን ሊያገባ ሲመጣ አባታችን አገርህ የት ነው አለው። ላቡ በግንባሩ ወረደ። እንደዚያ ያላበው ሰው አገሩን ሊናገር ሳይሆን አገር እየፈለገ እንደሆነ ያን ጊዜ ጠርጥሬያለሁ። ከዚያ ስለ ድልድዩ ሲያወራ ግን ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዪ! የሚዋሽ ሰው ፊት አይመስልም። ስለዚህ ዝም አልኩ።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አባትሽ አገር የለውም ብዬ ላስተኛሽ?» አለች አክስቷ፤ ሁለተኛ ስለ ነገሩ አልተናገረችም። የአዛውንቱን የጄሶ መንጋጋ ግን ከዳቦው መካከል አውጥታ እያገላበጠች ካየች በኋላ፣ «ምስኪን፣ ምን ሲበሉ ኖሩ?» አለች።

ጥርሱ እንዳለቀ ጥርስ ሠሪዋና ዳይሬክተሩ ተመልሰው ሄዱ። አባባ ትኬት መስታወት ፊት ቆመው ግራ ቀኝ ተገላበጡ። አዲሱ ጥርስ እስኪለመድ ድረስ በ«ሰ» ቁጥር ያፏጭባቸው ነበርና፣ «ሲኒማ» ሲሉ ወፍ የሚጣሩ ይመስላሉ። ዳይሬክተሩ ሳቁን ከካሜራው ጀርባ እየዋጠ ቀረጻቸው።

ፊልሙ ሲያልቅ መጀመሪያ እዚያው ከተማ እንዲታይ የጠየቀችው ጥርስ ሠሪዋ ናት። የድሮው ሲኒማ ቤት ተጠረገ፤ የተሰባበሩት ወንበሮች እንደምንም እየተጠጋገኑ ተደረደሩ። ጎርናና በገዛ ፈቃዱ መጣ። አክስቷም፣ «እስኪ ያን ሜዳ እኔም ልየው» ብላ አብራ ተጓዘች።

አባባ ትኬት መጋረጃው ላይ ሆነው እውነቱን ሲናገሩ፣ ከንቲባው ወደ ዳይሬክተሩ ጠጋ ብሎ፣ «ይህቺን ቦታ መቁረጥ አይቻልም?» ሲል ሰው ሁሉ ሰማው። ጥርስ ሠሪዋ መብራቱ ሲበራ ተነሥታ፣ «ይቅርታ፤ እኔም ሳላውቅ ነው…» ማለት ጀመረች።

አላስጨረሷትም። ከኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት በከዘራቸው ተደግፈው ብድግ አሉ።

«የምን ይቅርታ? እኔን ጠርታኛለች!» አሉ። «እዚህ ቦታ ነበር የተቀመጥኩት። እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ ሰማሽ ወይ ብላ ጎኔን በክርኗ ጎሸም አድርጋኛለች። ስሜን ከነአባቴ ነው የጠራችኝ!»

«እኔንም!» አለ ሌላ። «የኔን ታናሽ ወንድም ጠርታ እኔን ስትዘለኝ ሳምንት ሙሉ አኩርፌያለሁ» አለ ሦስተኛው። በየወንበሩ ወሬው ተነሣ፤ ማን መቼ እንደተጠራ፣ ማን ሳይጠራ ክረምቱ እንዳለፈበት። ልጆቻቸው አባቶቻቸውን አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፤ ይህን ሁሉ ሰምተውት አያውቁም ነበር። በዚህ መሐል ድልድዩን ተሻግሬዋለሁ ያሉት ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ሰዎቹ ያሉትን ሰማሁ፤ እኔ ግን ተሻግሬዋለሁ» ብለው ሲቀመጡ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጎርናና ሳቁን ተከትሎ ዘፈኑን አነሣው። ያን ቀን «ስሜን ታውቂው ይሆን» የሚለው ቦታ ላይ ብዙ ሰው ድምፁ ተሰበረ።

ከአፍንጫው ተከራካሪዎች አንደኛው ቤተሰብ ያኔውኑ ክርክሩን ተወ። ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ አልተዉም። ምን ለማለት እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

ፊልሙ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ አንድ ሰው ክሊኒኩ ስልክ ደወለ። ድምፁ የትልቅ ሰው ነው፤ የሚደውለውም ከሩቅ ነው። እናቱ ከወለደቻቸው ሌላ አንድ ልጅ አሳድጋ እንደነበር፣ ልጁ አድጎ የፊልም አጫዋች ሆኖ እንደወጣ መቅረቱን ነገራት። ስሙም አካሄዱም ገጥሟል። «እናታችን እስክትሞት ስሙን ትጠራው ነበር» አለ።

ጥርስ ሠሪዋ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። የሚጠየቅ ብዙ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን፣ «እናንተ ዘንድ ድልድይ አለ?» የሚል ነው።

«ድልድይ?» አለ ሰውዬው ግራ ገብቶት። «ሦስት አለን። የትኛውን ነው?»

ሳቋ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ። ስልክ ቁጥሩን ተቀበለች፤ በዓመት ፈቃዷ ከአክስቷ ጋር እንደምትመጣም ነገረችው። «ለቅዳሜ ብትመጡስ? ሰው ሁሉ ይሰበሰብልሻል» ቢላት፣ ቅዳሜ አይመቸኝም አለችው። አባባ ትኬት የታችኛው ጥርስ ድዴን እየፋቀኝ ነው ብለው አስደውለው ነበርና፣ ሞረዷን ይዛ ወደ እሳቸው መሄድ ነበረባት።